«ጋዙ አልቆበት ነው»፦ በጋዝ ስለሚሠራ ፍሪጅ ተረትና እውነታ

ዓለም ገና መገንጠያ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ እዚህ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ሰበታን አልፎ ወደ ጅማ ይዘልቃል፣ ሌላው በቡታጅራ አድርጎ ወደ ሆሳዕናና ወደ አርባ ምንጭ ይወርዳል። መኝታና ማብሰያ የተገጠመላቸው የካምፕ መኪኖች ወደ ኦሞ ሲወርዱ ይህን መንገድ ይይዛሉ። ብዙዎቹ የሚይዙት ፍሪጅ መብራት በሌለበት በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራ ነው። ፍሪጁ ማቀዝቀዝ ሲያቅተው ምክር ሰጪው ብዙ ነው፤ ምክሩ ግን በአብዛኛው የቤት ፍሪጅን በማየት የመጣ ነው። ይህኛው ብርዱን የሚያገኘው ከእሳት ስለሆነ ምርመራውም መጀመር ያለበት ከእሳቱ ነው።

ተረት፦ ካላቀዘቀዘ ውስጡ ያለው ጋዝ አልቋል፤ ይሞላለት።

እውነታ፦ የቤት ፍሪጅ ኮምፕረሰር አለው፤ ጋዙ ሲያንስ ባለሙያ ይሞላዋል። የጋዝ ፍሪጅ ግን ኮምፕረሰርም መሙያም የለውም። አሠራሩን በ1922 እ.ኤ.አ. ያገኙት ባልትሳር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት የስቶክሆልም ተማሪዎች ናቸው። በተበየዱት ቱቦዎች ውስጥ አሞኒያ፣ ውኃና ሃይድሮጂን አሉ። ከታች ያለው ነበልባል አሞኒያውን ከውኃው ለይቶ ያተነዋል፤ ትነቱ በስተኋላ ባሉት ቱቦዎች ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከዚያ ከሃይድሮጂን ጋር ሲገናኝ እንደገና ይተንና የፍሪጁን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በመጨረሻም ውኃው መልሶ ይመጠዋል። በዚህ ዙር ውስጥ የሚያልቅ ነገር የለም። ሊጠፋ የሚችለው ቱቦው ከተበሳ ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ ኃይለኛ የአሞኒያ ሽታ ወይም ቱቦው ላይ ቢጫ ዱቄት ይታያል። እንዲህ ከሆነ ነበልባሉን አጥፍቶ፣ በርና መስኮት ከፍቶ መውጣት ነው። ቱቦው በከፍተኛ ግፊት የታመቀና የሚነድ ጋዝ ስለያዘ ቆርጦ መበየድ አይሞከርም፤ ክፍሉ በሙሉ ይለወጣል።

ተረት፦ አገሩ ደጋ ነው፤ ፍሪጁ እዚህ ካልሠራ የት ሊሠራ ነው?

እውነታ፦ ቅዝቃዜው ይረዳል፤ የአየሩ መሳሳት ግን ይጎዳል። ዓለም ገና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ይበልጣል፣ ሱሉልታ ከዚያም ይልቃል። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ለዝቅተኛ አገር የተሠራ ማቃጠያ እዚህ ሲነድ ጋዙ ይበዛበታል፣ አየሩ ያንሰዋል። አንዳንድ አምራቾች ከ1,700 ሜትር ገደማ በላይ የጋዙ ነበልባል ሊዳከም ወይም ሊጠፋ እንደሚችል በመመሪያቸው ያስጠነቅቃሉ። እዚህ ሲያስቸግር የሰነበተ ነበልባል አርባ ምንጭ ሲደርስ ቢስተካከል የሚያስገርም አይደለም። እዚያ ደግሞ ፈተናው የቆላው ሙቀት ይሆናል።

ተረት፦ ነበልባሉ ሲተልቅ ብርዱም ይጨምራል፤ ጋዝ የሚወጣበትን ቀዳዳ በመርፌ ማስፋት ይበቃል።

እውነታ፦ ትልቅና ቢጫ ነበልባል የአየር ማነስ ምልክት ነው። ጥላሸት ይሠራል፣ ጥላሸቱ ጭስ ማውጫውን ይደፍናል፣ የተደፈነው ጭስ ማውጫ መልሶ ነበልባሉን ያንቃል። ይህን የገጠር ጤና ባለሙያዎቻችን ጠንቅቀው ያውቁታል። በአገራችን የክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ መብራት ባልደረሰበት ቦታ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቆየው በዚሁ አሠራር በላምባ ወይም በጋዝ በሚሠሩ ፍሪጆች ነበር። ክሩን መከርከም፣ ጭስ ማውጫውን መጥረግና ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑን ማየት የሥራው አካል ነበር። በመርፌ የሰፋ ቀዳዳ ግን አይመለስም። ለደጋ የሚያስፈልገው እንዲያውም በአምራቹ የተፈቀደ ጠበብ ያለ ቀዳዳ ነው።

ተረት፦ ምድጃው እየነደደ ስለሆነ ጋዙ ችግር የለበትም።

እውነታ፦ ምድጃ ግፊት ቢጎድልበትም ይነዳል፤ ወጡ ትንሽ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። የፍሪጁ ነበልባል ግን ከመጀመሪያውም ትንሽ ስለሆነ ያረጀ ሬጉሌተር ወይም የተጣመመ ጎማ ቶሎ ያዳክመዋል። የሲሊንደሩ ይዘትም ለውጥ ያመጣል። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ድረስ ይተናል፤ ቡቴን ግን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ላይ መትነኑን ያቆማል። ቡቴን የሚበዛበት ሲሊንደር በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሱሉልታ ላይ ውጭ ሲያድር ግፊቱ ይወርዳል። መገጣጠሚያው ማፍሰሱ የሚፈተሸው በሳሙና አረፋ ነው፤ በክብሪት ፈጽሞ አይሞከርም።

ተረት፦ መኪናው ዘምበል ብሎ ቢቆም ፍሪጁን ምን አገባው?

እውነታ፦ በቱቦው ውስጥ ፈሳሹን የሚያነሳው ፓምፕ ሳይሆን በፈላ ጀበና አንገት እንደሚወጣው ያለ አረፋ ነው፤ ወደ ታች የሚመልሰው ደግሞ የራሱ ክብደት ነው። መኪናው ተዳፋት ላይ ለሰዓታት ከቆመ ፈሳሹ አንድ ቦታ ይታቆራል፣ ነበልባሉም ባዶውን ቱቦ ያነድዳል። ይህ ሲደጋገም ቱቦው ይደፈንና ፍሪጁ ላይመለስ ይችላል። ውኃ ልክ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጦ ማየት የደቂቃ ሥራ ነው።

ጥፋቱ የት እንዳለ ለመለየት ፍሪጁን ባዶውን መብራት ላይ ሰክተው አንድ ቀን ሙሉ ያሠሩት። ቮልቱንም ይለኩ፤ ከ220 ወደ 180 ከወረደ ማሞቂያው ከሙቀቱ ሲሶ ያጣልና ፈተናው አያስተማምንም። በመብራት ቀዝቅዞ በጋዝ ካልቀዘቀዘ ጥፋቱ በነበልባሉ፣ በቀዳዳው፣ በጭስ ማውጫው ወይም በግፊቱ ነው፤ ይህ በጽዳትና በሬጉሌተር ቅያሪ ሊድን ይችላል። በሁለቱም ካልቀዘቀዘ ውኃ ልኩን፣ ከኋላ ያለውን የአየር መተላለፊያና የበሩን ጎማ ይመልከቱ። እነዚህ ደህና ሆነው ካልቀዘቀዘ የማቀዝቀዣው ክፍል ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለጋዝ ሙሌት የሚከፈል ብር ከንቱ ነው።

በመጨረሻም ማደያ ከመግባትዎ በፊት ነበልባሉን ያጥፉ፤ በመኝታ ሰዓትም ጭሱ ወደ ውጭ መውጣቱን ያረጋግጡ። አየር ያነሰው እሳት የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ነበልባሉ ቢጫ ከሆነ ፍሪጁ ሳይጠገን መኪናው ውስጥ አይተኛም።