ስለ ፈረስ ጉልበት ምስክርነት



በሞተር ፍቅር የተያዛችሁ፣ በተለይም እዚህ በዴንቨርና በኦሮራ ሙስታንግ፣ ካማሮ ወይም ቻሌንጀር ገዝታችሁ ቅዳሜን በጋራዥ የምታሳልፉ ወንድሞቼ ደጋግማችሁ የምትልኩልኝ ጥያቄ በመልኩ ቢለያይም በፍሬ ነገሩ አንድ ነው፤ ይኸውም «ቱነሩ የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ ነክቼ አርባ የፈረስ ጉልበት እጨምርልሃለሁ ይለኛልና ልመነው ወይስ ይቅርብኝ?» የሚል ነው። ለእያንዳንዱ በተናጠል ከመመለስ ይልቅ ነገሩን ከሥሩ አንሥቶ አንድ ጊዜ አስፍቶ መጻፍ ይሻላል ብዬ ይህን ሐተታ አቀረብሁ። ፍርዴን ግን አስቀድሜ ልናገር፤ የፈረስ ጉልበት ቁጥር የተመዘነበት ሁኔታ አብሮት ካልተነገረ ወሬ እንጂ ምስክርነት አይደለም፤ ሊታመን የሚገባውም ትልቁ ቁጥር ሳይሆን በአንድ መኪና፣ በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ቀን፣ ከሥራው በፊትና ከሥራው በኋላ የተገኘው ልዩነት ነው።

የፈረስ ጉልበት የሚባለው መስፈሪያ ከልደቱ ጀምሮ የነጋዴ መስፈሪያ እንደ ነበረ ልብ ማለት ይበጃል። በ18ኛው መቶ ዘመን ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ሲሸጥ፣ ገዢው ስንት ፈረስ እንደሚተካለት በቀላሉ ይረዳ ዘንድ፣ 33,000 ፓውንድ ክብደትን በአንድ ደቂቃ አንድ ጫማ ከፍ የሚያደርገውን ሥራ አንድ የፈረስ ጉልበት ብሎ ወሰነ። ከዚህ ውሳኔ የሚወጣው ሕግ ዛሬም አይሻርም፤ ቶርክ በፓውንድ ጫማ ተቆጥሮ፣ ሞተሩ በደቂቃ በሚዞረው ዙር ተባዝቶ፣ ለ5,252 ሲካፈል የፈረስ ጉልበት ይገኛል። ስለዚህ ቶርክና ጉልበት በአንድ ልክ በተሣሉበት በማናቸውም ወረቀት ላይ ሞተሩ እስከዚያ የሚዞር ከሆነ ሁለቱ መስመሮች በ5,252 ዙር ላይ የግድ መገናኘት አለባቸው፤ በሌላ ቦታ ተገናኝተው ወይም ጨርሶ ሳይገናኙ ያገኛቸው አንባቢ፣ ሥዕሉን የሠራው ሰው ወይ የሁለቱን ልክ ለያይቶታል፣ ወይ አኃዙን ከራሱ አመንጭቶታል ብሎ ቢጠረጥር ኃጢአት አይሆንበትም።

ታሪኩም ቢሆን ገዢን ጠንቃቃ የሚያደርግ ነው፤ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። በ1964 ከወጣው ከፖንቲያክ ጂቲኦ በኋላ ማስል ካር የሚባሉት መኪኖች ገናና በሆኑበት ዘመን፣ ፋብሪካዎች ጉልበትን ይመዝኑ የነበሩት ሞተሩን ብቻውን በመቆሚያ ላይ አቁመው፣ የአየር ማጣሪያውንና በቺንጋ የሚዞሩትን ዕቃዎች አንሥተው፣ ጭሱንም የመኪናው ማርሚታ ሳያግደው በነጻ እንዲወጣ አድርገው ነበር። ከ1972 ጀምሮ ግን ሞተሩ በመኪናው ላይ የሚሸከመውን ሁሉ እንደ ተሸከመ መመዘን ሥርዐት ሆነ፤ በዚህም ምክንያት የኮርቬት ኤልቲ-1 ሞተር በ1971 በአሮጌው አመዛዘን 330 የተባለለት በ1972 በአዲሱ 255 ተብሎ ተጻፈ፤ ከጠፉትም 75 ፈረሶች አብዛኞቹ የጠፉት ከመስፈሪያው እንጂ ከሞተሩ አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ የፎርድ 428 ኮብራ ጄት በ1968 ጉልበቱ 335 ብቻ ተብሎ ሲመዘገብ፣ ቁጥሩ ለኢንሹራንስና ለውድድር ምድብ እንዲመች ዝቅ የተደረገ መሆኑን ብዙ አዋቂዎች ይመሰክራሉ። በ1999 የወጣው ሙስታንግ ኮብራም 320 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ ከተሸጠ በኋላ ባለቤቶቹ ዳይኖ በሚባለው የጉልበት መመዘኛ ላይ እያወጡ ጎድሎ ስላገኙት፣ ፎርድ ሽያጩን አቁሞ፣ የተሸጡትንም መኪኖች መልሶ ጠርቶ የአየር ማስገቢያውን፣ የሞተሩን ኮምፒውተርና የጭስ ማውጫውን በነጻ ለመለወጥ ተገድዷል። እንግዲህ መሐንዲስ በብዛት የሚያሰልፍ ታላቅ ፋብሪካ እንዲህ ከሆነ፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ገመድ ይዞ የሚሠራው ቱነር ሳይጠየቅ ሊታመን የሚገባው ስለምን ነው?

አሁን ወደ ዳይኖው ቤት እንግባ። መኪናው ከፊትና ከኋላ በቀበቶ ታስሮ፣ የኋላ ጎማዎቹ ወለሉ ውስጥ በተቀበረ ከባድ ከበሮ ላይ ቆመው፣ ፊት ለፊቱ ትልቅ ማራገቢያ እየነፋ፣ ብዙውን ጊዜ በ4ኛ ማርሽ ከ2,000 ዙር ግድም ተነሥቶ እስከ ሞተሩ ዳር ድረስ ይነዳል፤ ከበሮው የሚፈጥንበት ልክም ጉልበቱን ያሳውቃል። ወረቀቱ ታትሞ ሲወጣ ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚተክለው በላይኛው ጫፍ በትልቁ በተጻፈው ቁጥር ላይ ነው፤ አስተዋይ ገዢ ግን ከግርጌው በደቃቅ ፊደል የታተመውን ያነባል። እዚያ ኤስኤኢ ወይም ኤስቲዲ የሚል የማረሚያ ዓይነት፣ ሲኤፍ የሚል የማረሚያ ቁጥር፣ እንዲሁም መስመሩ ምን ያህል እንደ ተለሰለሰ የሚያሳይ ምልክት ይገኛል። ኤስኤኢ ጉልበቱን የሚያርመው አየሩ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድና 99 ኪሎፓስካል ደረቅ ግፊት ቢኖረው ኖሮ ብሎ ሲሆን፣ ኤስቲዲ ደግሞ 15.6 ዲግሪና 101.3 ኪሎፓስካል ቢኖረው ኖሮ ብሎ ነው፤ ቀዝቃዛና እፍግ ያለ አየር ብዙ ጉልበት ስለሚሰጥ ኤስቲዲ ወደ 4 በመቶ ያህል ከፍ ሊል ይችላል። በኤስኤኢ 400 የተባለ መኪና አንዲት ብሎን ሳትነካ በኤስቲዲ 416 ይባላል ማለት ነው፤ «በፊት» የሚለው ወረቀት በአንዱ፣ «በኋላ» የሚለው በሌላው ታርሞ ከቀረበ፣ ገዢው የከፈለው ለማረሚያው ለውጥ ነው።

መሣሪያዎቹም እርስ በርሳቸው አይስማሙም። በከበሮ ክብደት ብቻ የሚመዝነው ዳይኖጄት የሚሰጠው ቁጥር፣ በኤሌክትሪክ ፍሬን ጭነት እያሳረፉ የሚመዝኑት ከሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። ስለዚህ በአንዱ ቤት የተገኘውን ቁጥር በሌላው ቤት ከተገኘው ጋር ማወዳደር፣ የአንዱን ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና ጋር አስተያይቶ እህሉ በዛ ወይም አነሰ እንደ ማለት ነው።

ለእኛ ለኮሎራዶ ነዋሪዎች ከሁሉ የሚከፋው የከፍታው ነገር ነው። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ የተቀመጠች ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ሞተርም የሚኖረው በሚተነፍሰው አየር ነውና ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ጉልበቱ በግልጽ ይጎድላል። በእኛ ሰፈር በሚታተም ወረቀት ግርጌ ሲኤፍ 1.22 የሚል ብታገኙ አትደነቁ፤ ትርጉሙም ጎማው ላይ በእውነት የደረሰው 330 ፈረስ ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ግን 403 ብሎ ጽፏል ማለት ነው። ይህ ለተራ ሞተር ከባሕር ወለል መኪኖች ጋር ለመተያየት የተፈቀደ ሥርዐት ስለሆነ ማታለል አይባልም። ቱርቦ ላለው ሞተር ግን ፍርዱ ይለያል፤ ኮምፒውተሩ ቱርቦው በይበልጥ እንዲፈጥን አድርጎ የአየሩን ስስነት በከፊል አስቀድሞ ስለ ካሰው፣ በዚያ ላይ ሙሉው ማረሚያ ሲጨመርበት አንዱ ጉድለት ሁለት ጊዜ ይከፈላል፤ በወረቀት የተወለዱ ሃምሳና ስድሳ ፈረሶችም መንገድ ላይ ሲፈለጉ አይገኙም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። አዲስ አበባ ከዴንቨርም ከፍ ያለች ናትና፣ በዚያ ያላችሁ አንባብያን ይህን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቡት።

ሌላው የተለመደ የቁጥር ማባዣ ማካፈል ነው። ዳይኖው የሚመዝነው ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን አልፎ ጎማ ላይ የደረሰውን ጉልበት ሲሆን፣ ሻጩ ግን በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለውን መናገር ይወዳል፤ በመካከል የሚጠፋውንም በግምት 15 በመቶ ነው ይላል። ጎማ ላይ 400 ያለው በዚህ ስሌት 471 ይሆናል፤ የሚጠፋው 20 በመቶ ነው ያለ ሌላ ሰው ግን ያንኑ 400 ይዞ 500 ያደርሰዋል። ሃያ ዘጠኙ ፈረሶች የተወለዱት ከሒሳብ ማሽን ነው። ስለዚህ ቁጥር በሰማችሁ ጊዜ «በጎማ ነው ወይስ በሞተር?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አንዲት እርምጃ አትሂዱ።

ቱን የሚባለው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ራሱ ሊያደርግ የሚችለውን ማወቅም የተስፋን ልክ ያሳያል። ቱነሩ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚለውጠው በዋናነት ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜ፣ የአየርና የቤንዚን ድብልቁን፣ የካም ዘንጉን አቀማመጥ፣ የዙሩን ወሰንና የፔዳሉን አመላለስ ነው። ሱፐርቻርጀር ወይም ቱርቦ ባለው ሞተር ላይ የአየሩን ግፊት ከፍ ማድረግ ስለሚቻል ብዙ ጉልበት ይገኛል፤ ራሱ በሚስበው አየር ብቻ በሚኖር ዘመናዊ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ላይ ግን ቱን ብቻውን አየርን ከምንም ሊፈጥር አይችልምና፣ ሌላ ዕቃ ሳይለወጥ የሚገኘው ጭማሪ ብዙውን ጊዜ ጥቂት በመቶ ነው። ፔዳሉ ገና ሲነካ መኪናው የሚዘልለው ፔዳሉ ቀድሞ ሙሉውን እንዲሰጥ ስለ ታዘዘ ነው፤ ስሜቱ ደስ ቢያሰኝም የከፍተኛው ጉልበት መጠን በዚያ አልተነካም። ነዳጁንም አትርሱ፤ በ93 ኦክቴን የተሠራ ማስታወቂያ፣ የማደያው ውዱ ቤንዚን ብዙውን ጊዜ 91 በሆነበት በኮሎራዶ የሚኖረውን ሰው አይመለከተውም። ዶጅ በ2018 ዲመን በተባለው ቻሌንጀር ላይ ይህን በግልጽ አሳይቷል፤ ያው መኪና በማደያ ቤንዚን 808፣ በ100 ኦክቴን የውድድር ነዳጅና ለእርሱ በተዘጋጀው ኮምፒውተር 840 ተብሎ ሁለት ቁጥር ተሰጥቶታል።

«በፊት» የሚባለው ምዘናም መመርመር ይገባዋል። ሞተሩ ግሎ፣ ኮፈኑ ተዘግቶ፣ ጎማው ላልቶ የተመዘነ መኪና፣ ከሰዓት በኋላ ቀዝቅዞ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ጎማው ተነፍቶ ሲመዘን፣ ቱኑ ምንም ባይሠራ እንኳ የሠራ ይመስላል። ከዚህም ሌላ በመስመሩ ላይ ልዩነቱ ሰፊ የሆነበትን አንድ ነጥብ ብቻ መርጦ «እስከ 40 ፈረስ» ማለት የተለመደ ነው፤ በከፍተኛው ላይ ግን ጭማሪው 9 ሊሆን ይችላል። በመካከልም ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን አንሥቶ ጭማሪውን ለቱኑ የሚሰጥ አለ፤ ይህ ደግሞ በአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ የተከለከለ ነው።

የዳይኖው ወረቀት እንግዲህ አንድ ምስክር ነው፤ በአንድ ምስክር ብቻ መፍረድም አይገባም። ሁለተኛው ምስክር ኮምፒውተሩ ራሱ እየነዳችሁ የሚመዘግበው ሰነድ ነው፤ በሙሉ ፔዳል ላይ ድብልቁ ስንት እንደ ነበረ፣ ሞተሩ ማንኳኳት ጀምሮ ኮምፒውተሩ የተኩሱን ጊዜ ወደ ኋላ መልሶ እንደ ሆነ ይናገራል። ጉልበቱን ያገኘው በማንኳኳት ዳር ላይ ቆሞ ከሆነ፣ በሐምሌ ሙቀት ጉልበቱም ይጠፋል፣ ፒስቶኑም ይጎዳል። ሦስተኛው ምስክር የሩብ ማይል ሜዳ ነው። እዚያ የፈጀው ጊዜ በጎማና በነጂው ብልኃት ስለሚለዋወጥ፣ መታየት ያለበት ሜዳው መጨረሻ ላይ የተመዘገበው ፍጥነት ነው። በማይል የተቆጠረውን ይህን ፍጥነት ለ234 አካፍሉት፣ የተገኘውን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዙት፣ ከዚያም መኪናው ከነነጂው በሚመዝነው ፓውንድ አባዙት፤ ለሞተሩ ቅርብ ግምት ታገኛላችሁ። 3,900 ፓውንድ የሚመዝን መኪና በ115 ማይል ቢጨርስ 463 የፈረስ ጉልበት ግድም አለው፤ በእርግጥ 40 ቢጨመርለት ፍጥነቱ ወደ 118 ከፍ ማለት አለበት። በተመሳሳይ ሜዳና በተመሳሳይ አየር ከቱኑ በኋላም 115 ላይ ከቀረ፣ አርባዎቹ ፈረሶች ከወረቀቱ አልወረዱም።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ቱነሮችን ሁሉ ለማማት አይደለም፤ ሥራቸውን የሚያውቁና የሚያከብሩ አሉና። እነርሱን ከሌሎቹ የምትለዩበት ግን ጥያቄ ነው፤ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የሁለቱን ምዘናዎች ያልታረመ ፋይል፣ የማረሚያውን ዓይነት፣ ማርሹን፣ ነዳጁንና የሞተሩን ሙቀት ጠይቁ። ሐቀኛው ቱነር ፋይሉን ሳያንገራግር ይልክላችኋል፤ የሚቆጣውንና ወረቀቱን በፎቶ ብቻ የሚያሳያችሁን ግን አመስግናችሁ ተሰናበቱት፣ በገንዘቡም ጥሩ ጎማ ግዙበት።