ሽለላ በኤሌክትሪክ ጊታር

ጋምቤላ ውስጥ በአኙዋኮች ዘንድ ቶም የሚባል የሙዚቃ መሣሪያ አለ። የእንጨት ሣጥን ላይ የተደረደሩ የብረት ምላሶችን በአውራ ጣት ጫን እያደረጉ መልቀቅ ነው ጨዋታው። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ዙሪያውን ለተቀመጠ ሰው ይበቃል።

ኮንጎ ውስጥ የቶም ዘመድ ሊኬምቤ ይባላል። ማዋንጉ ሚንጊዬዲ በ1966 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኪንሻሳ ላይ ያቋቋመው ኮኖኖ ቁጥር 1 የተባለ ባንድ ግን ያን ለስላሳ ድምፅ ይዞ የከተማውን ጫጫታ ማሸነፍ አልቻለም። ስለዚህ ከአሮጌ መኪና ዕቃ በተገኘ ማግኔት ለሊኬምቤው ማይክሮፎን ተሠራለት፤ በትልልቅ ድምፅ ማጉያም ተለቀቀ። ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሲጫን ድምፁ ሻከረ፣ ተሰነጣጠቀ። ሮክ ልጫወት ያለ አልነበረም፤ የወጣው ግን የአውሮፓ ጩኸት ሮክ ባንዶች ጊታራቸውን እያሠቃዩ የሚፈልጉት ድምፅ ሆነ። ቶም ላይ ማግኔት ቢገጠም ምን ይወጣ ይሆን? መሞከሩ አይከፋም።

ኮኖኖን ቀድመው ካቀፉት አንዱ የኔዘርላንዱ ዘ ኤክስ ነው። ባንዱ በ1979 አምስተርዳም አካባቢ፣ ባዶ ቤት ሰብረው ይኖሩ በነበሩ ወጣቶች መካከል ተወለደ። ስሙ ያጠረው ግድግዳ ላይ ቶሎ ጽፎ ለመሮጥ እንዲያመች ነው ይባላል። ጊታሮቹ ዜማ ከማውጣት ይልቅ ይፋጫሉ፤ የካትሪና ቦርነፌልድ ከበሮ ደግሞ ያንን ትርምስ ዳንስ ያደርገዋል። በ2004 በወጣው «ተርን» በተሰኘው አልበማቸው ውስጥ በኮኖኖ ዜማ ላይ የተሠራ ቁራጭ አለ። የጊታሪስቱ የቴሪ ሄሰልስ አሳታሚ ድርጅት ቴርፕም የኮኖኖን የመድረክ ቅጂ አሳትሟል።

ወደ ኢትዮጵያም መጥተዋል፤ በ2002 እና በ2004 አገሩን እየዞሩ ተጫውተዋል። እዚህ ያገኙት ሰው ግን ለጩኸት አስተማሪ የማያስፈልገው ነበር።

ጌታቸው መኩሪያ በ1935 ይፋት ተወለዱ። ክራርና ማሲንቆ ጀምረው ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን ተሻገሩ፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድን ተቀላቀሉ፤ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ሄዱ። ትልቁ ሥራቸው ሽለላን በሳክስፎን መጫወታቸው ነው። ሸላይ ምት አይጠብቅም፤ ትንፋሹን ይዘረጋል፣ ድምፁን ያሻክራል፣ ባላንጣውን ያስፈራራል። ጋሽ ጌታቸው ይህን ሁሉ በሳክስፎን ያደርጉት ነበር፣ አንዳንዴም የአንበሳ ጎፈር ደፍተው። ከጊዜ በኋላ የሰሟቸው ምዕራባውያን ከአሜሪካው ፍሪ ጃዝ ጋር አመሳሰሏቸው፤ ነገር ግን ሽለላውን በሳክስፎን የጀመሩት በ1950ዎቹ፣ ያ ጃዝ ስሙን ሳያገኝ ነው።

ዘ ኤክሶች 25ኛ ዓመታቸውን በ2004 ሲያከብሩ ጋሽ ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዟቸው። ከዚያ በኋላ አልበም አብረን እንሥራ ያሉት ግን ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው። «ሞአ አንበሳ» በ2006 ወጣ።

ብዙ የ«ዓለም ሙዚቃ» ቅልቅሎች የሚከሽፉት አንዱ ሌላውን ስለሚያስውበው ነው፦ የአገሩ ዜማ ይታጠባል፣ ይለሰልሳል፣ ለሆቴል ሳሎን ይዘጋጃል። እዚህ የሆነው ተቃራኒው ነው። ጊታሮቹ አጃቢ ሆነው አይለሰልሱም፤ እንደ አዝማች ተቀባይ ከሳክስፎኑ ጋር ይፎክራሉ። ትሮምቦን፣ ክላርኔትና አልቶ ሳክስፎን የነፋሽ ክፍሉን ስላጠናከሩት የድሮው የፖሊስ ኦርኬስትራ ግርማም አልጠፋም። ቅር የሚያሰኝ ነገር ካለ ከበሮው በትዝታ ዓይነት ዘገምተኛ ዜማዎች ላይ አልፎ አልፎ መቸኮሉ ነው።

ሁለተኛው አልበም «የአንበሳው ትዝታ» በ2012 ወጣ፤ ጋሽ ጌታቸው በኤፕሪል 2016 አረፉ። ባንዱን አዲስ የሚሰማ ሰው ከመጀመሪያው አልበም፣ «ቼ በለው» ከሚለው ሽለላ ቢጀምር ይሻለዋል፤ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ደግሞ ከዋልያስ ባንድ ቅጂ ጋር አስተያይቶ ቢሰማ ጊታሮቹ የጨመሩት ምን እንደሆነ ወዲያው ይለየዋል።