ፍንዳታው ሳይሆን አቅጣጫው

«ዛሬ ሌሊት ከፀሐይ ኃይለኛ ጨረር ስለሚመጣ ስልካችሁን አጥፉ» የሚል መልእክት በየግሩፑ መዞር ሲጀምር እኔ የምፈልገው አንድ ቁጥር ነው፤ ቢ-ዜድ ስንት ነው?

ከፀሐይ ያለማቋረጥ የሚነፍሰው ፕላዝማ የፀሐይን መግነጢሳዊ መስክ ይዞ ነው የሚመጣው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ደካማ ነው፤ በአዘቦት ቀን 5 ናኖቴስላ ገደማ። አዲስ አበባ ላይ ኮምፓስ የሚያዞረው የመሬት መስክ ከ30 ሺህ ይበልጣል። ታዲያ ይህ ኢምንት ነገር መሬትን እንዴት ያውካል?

በአቅጣጫው ነዋ! ቢ-ዜድ የምንለው የዚህን መስክ የሰሜን-ደቡብ ድርሻ ነው። በፀሐይ በኩል 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የመሬት መስክ ዳርቻ ወደ ሰሜን ያመለክታል። የሚመጣውም ወደ ሰሜን ከሆነ ነፋሱ በአብዛኛው ዙሪያውን ታክኮ ያልፋል። ወደ ደቡብ ከሆነ ግን ተቃራኒዎቹ መስመሮች ተገናኝተው ይበጠሳሉ፤ የፀሐዩ ከመሬቱ ጋር ይቀጠላል። በሩ ተከፈተ ማለት ነው፤ ጉልበቱ ይገባል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1961 ያቀረበው እንግሊዛዊው ጀምስ ደንጊ ነው።

ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ምሽት የሆነው ይኸው ነው። ፀሐይ በተከታታይ የተፋቻቸው የፕላዝማ ደመናዎች ሲደርሱ ቢ-ዜድ ከ40 ናኖቴስላ በላይ ወደ ደቡብ ወረደ። የዋልታ ብርሃን ፍሎሪዳና ሜክሲኮ ድረስ ታየ፤ ከ20 ዓመት ወዲህ እንዲህ ያለ መግነጢሳዊ ማዕበል አልነበረም።

ትንበያውን የሚያስቸግረውም ይኸው አቅጣጫ ነው። የደመናው ፍጥነት ገና ከፀሐይ ሲነሳ ይገመታል። አቅጣጫው ግን በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከመሬት በፀሐይ በኩል 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ የቆሙት መንኮራኩሮች ሲለኩት ነው። ፈጣን ደመና ያንን ርቀት በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። ስለዚህ የፀሐይን ፍንዳታ ትልቅነት ብቻ የሚያወራ ዜና ለእኔ ግማሽ ዜና ነው።

እኛስ? የዋልታ ብርሃን እዚህ አንጠብቅም። ነገር ግን የማግኔት ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ በኩል ነው፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ቢ-ዜድ ወደ ደቡብ ሲገለበጥ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ግፊት በደቂቃዎች ውስጥ ከዋልታ እስከ ወገብ ይደርስና ጅረቱን ያናውጠዋል። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መግነጢሳዊ መስክ የሚለካ ጣቢያ ያላትም ለዚህ ወገብ ቅርብ በመሆኗ ነው። እንዲህ ባለ ማዕበል ጊዜ ጂፒኤስ ቦታ ሊስት ይችላል፤ ስልክ ማጥፋት ግን ለማንም አይጠቅምም።