ባክትሪሙና የልጁ አንጀት

የሳዑዲዋ ጅዳ በስሟ የሚጠራ ባክቴሪያ አላት፤ ኮሪኔባክቴሪየም ጄዳሄንስ ይባላል። የከተማዋ የንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲና የፈረንሳይዋ ማርሴይ ተመራማሪዎች ከአሥር ዓመት በላይ በፊት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ካለበት የጅዳ ነዋሪ ሰገራ ውስጥ ነው ያገኙት። በሰው አንጀት ውስጥ ስም ያልወጣላቸው ባክቴሪያዎች ገና ብዙ ናቸው። ጅዳ ውስጥ ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖር የኢትዮጵያዊ ስደተኛ ልጅ ግን የአንጀት ባክቴሪያ ጉዳይ ከስም ማውጣት ያልፋል።

ኤችአይቪ በደም ስለሚመረመር ብዙዎቻችን ዋና መኖሪያው ደም ይመስለናል። ቫይረሱ የሚያጠቃቸው ሲዲ ፎር የሚባሉት የበሽታ መከላከያ ሴሎች ግን አብዛኞቹ ያሉት አንጀት ግድግዳ ላይ ነው። ቫይረሱ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ የደም ቆጠራው ገና ብዙ ሳይወርድ፣ የአንጀቱ ሲዲ ፎር ክፉኛ ያልቃል። ያኔ ግድግዳው እንዳረጀ የሳር ክዳን ማፍሰስ ይጀምራል። የባክቴሪያ ስብርባሪ ወደ ደም ይሾልካል፤ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በአዋቂዎች ደም ውስጥ ለክተው አሳይተዋል። ሰውነት ስብርባሪውን ባየ ቁጥር ይቆጣል፣ ቁጣውም አይበርድም። ልጅ ላይ ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል፤ የአንጀት ባክቴሪያዎች መልክ የሚይዙት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ነውና፣ ሲወለድ ቫይረሱ የያዘው ልጅ ገና ከጅምሩ ይዛባበታል። የኤችአይቪ መድኃኒት ቫይረሱን ሲያስተኛው ብዙው ነገር ይስተካከላል፤ አንጀቱ ግን ለማገገም ዘገምተኛ ነው።

እዚህ ላይ ወላጆች አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፣ ትክክለኛም ጥያቄ ነው። የአንጀት ባክቴሪያ ይህን ያህል የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ከኢንፌክሽን እንዲጠብቀው የሚታዘዝለትን፣ ባክቴሪያ የሚገድለውን ባክትሪም (ኮትሪሞክሳዞል) ለልጁ በየቀኑ መስጠት ምን ይሉታል? አንዳንዱ «አንቲባዮቲክ ሆድ ይጎዳል» ሲባል ሰምቶ፣ የኤችአይቪ መድኃኒቱን እየሰጠ ባክትሪሙን በገዛ ፈቃዱ ይተወዋል።

መልሱ የመጣው ከአፍሪካ ልጆች ነው። በዛምቢያ የተደረገና በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ገና ባልተዳረሰበት ጊዜ ባክትሪም ብቻውን የልጆችን ሞት በ43 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ቆይቶ በኡጋንዳና በዚምባብዌ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመሩ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናቸው 758 ልጆች ተመረጡ፤ ግማሾቹ ባክትሪም ሲያቆሙ ግማሾቹ ቀጠሉ። ካቆሙት 19 በመቶ የሚሆኑት ሆስፒታል ተኙ ወይም ሞቱ፤ ከቀጠሉት ግን 13 በመቶ። ልዩነቱ የመጣው ከወባ ብቻ አልነበረም። በ2019 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ የእነዚህኑ ልጆች ደምና ሰገራ መርምረው ምክንያቱን ገመቱ፤ ባክትሪም በወሰዱት ልጆች ደም ውስጥ የቁጣው ምልክቶች ዝቅ ያሉ ነበሩ፤ በአንጀታቸው ደግሞ ቁጣ ከሚቀሰቅሱት ውስጥ አንዳንድ የስትሬፕቶኮከስ ዓይነቶች ቀንሰዋል። የቀሩት ባክቴሪያዎች ብዙም አልተናጉም። መድኃኒቱ የሰውነትን ቁጣ በቀጥታም ያበርዳል።

ይህ ማለት ግን ዕድሜ ልክ ይወሰድ ማለት አይደለም። የኡጋንዳና የዚምባብዌ ልጆች የሚኖሩት ወባና ከባድ ኢንፌክሽን በበዛበት አገር ነው፤ ጅዳ ያለ ሐኪም የልጁን ዕድሜ፣ ሲዲ ፎርና ጤንነት አይቶ «አሁን ይቁም» ሊል ይችላል። ውሳኔው የሐኪሙ ይሁን፣ የጎረቤት አይሁን ነው ነገሩ።

ጉንፋን በያዘው ቁጥር የሚሰጠው አሞክሳሲሊን ግን ሌላ ነገር ነው። ሳዑዲ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ አንቲባዮቲክ የሚሸጡ ፋርማሲዎችን አጥብቃ መቆጣጠር ይዛለች፤ ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣውን ግን ማን ይቆጣጠራል? ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ አሞክሳሲሊን አይነካውም፤ የሚጎዳው የልጁን የአንጀት ባክቴሪያ ነው።

ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ዳር በሳህን ታልቦ የሚሸጠው የግመል ወተትም አለ። ለሆድ መድኃኒት ነው ይባልለታል። ጥሬውን ለልጁ መስጠት ግን አደጋ ነው፤ ዓረቦቹ ሁማ ማልጢያ የሚሉት ብሩሴሎሲስ በጥሬ ወተት ይተላለፋል። ከፈላ በኋላ ይጠጣ። ከፋብሪካ የወጣ ላበንና እርጎ ደህና ነው። እንክብል ሆኖ የሚሸጠውን «ጠቃሚ ባክቴሪያ» ሲዲ ፎሩ እጅግ ለወረደ ልጅ ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጥ፤ አልፎ አልፎ ባክቴሪያው ራሱ ደም ውስጥ ይገባል። ምስርና ሽሮ፣ ጤፍ እንጀራ፣ አትክልት፤ የአንጀት ባክቴሪያ የሚበላው የእህል ገለባውንና አሰሩን ስለሆነ የእናት ማጀት ከእንክብሉ ይሻላል ባይ ነኝ።

አንጀቱን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የኤችአይቪ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ነው፤ ቫይረሱ ተመልሶ ይባዛል፣ የተጠገነው ግድግዳ እንደገና ያፈሳል። ስደት ደግሞ ማቋረጫ ምክንያት አያጣም። በሳዑዲ ለኢቃማ (ለመኖሪያ ፈቃድ) በሚደረገው ምርመራ ቫይረሱ የተገኘበት የውጭ ዜጋ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ይህን የፈሩ ቤተሰቦች ከክሊኒክ ይርቃሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል። ወደ አገር የሚመለስ ቤተሰብ ለመንገድ የሚበቃ መድኃኒት፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን፣ የመጨረሻውን የቫይራል ሎድ ውጤት የያዘ ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ። የልጅ መጠን በክብደት ስለሚሰላ የልጁ ኪሎና የተመዘነበት ቀንም ይጻፍበት።