የሱቅን ሒሳብ በሥርዓት ስለ መያዝ

ገበያ ሳያጣ የሚዘጋ ሱቅ ብዙ ነው። የዚህም ምክንያት የሱቁና የቤቱ ገንዘብ በአንድ ኪስ መቀላቀሉ፥ ዱቤውም በቃል መያዙ ነው። ስለዚህ ባለሱቅ አንድ የገንዘብ፥ አንድ የዱቤ ደብተር ሊኖረው ይገባል።

ጠዋት በሣጥኑ 50 ብር ቢኖር፥ በቀኑ 120 ብር ቢገባና 30 ብር ቢወጣ፥ ማታ 140 ብር መገኘት አለበት። 125 ብር ብቻ ከተገኘ የጐደለው 15 ብር በዚያው ምሽት ይፈለግ። ለቤት የተወሰደችው ሳንቲም እንኳ ሳትቀር በወጪ ትጻፍ።

በዱቤ የተሸጠው ግን እስኪከፈል ድረስ ከጥሬ ገንዘብ አይቆጠርም፤ ቀኑ፥ ዕቃውና ዋጋው ሰፍሮ ባለዕዳው ይፈርምበታል። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንዳሉት፥ ባለሱቁ ቢሞት ልጆቹ ገንዘባቸውን በማስረጃ ሊጠይቁ የሚችሉት ይህ ደብተር ሲኖር ነው።