ወፍራም ጎማ ወይስ አዲስ ፎርክ?

ሐረር ለብስክሌት የምትራራ ከተማ አይደለችም፡፡ ባሕር ዳር ላይ ሜዳውን ይዞ መንዳት የለመደ ሰው አቦከር ሲመጣ የሚቀበለው ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ኮብልስቶንና ጎርፍ የሸረሸረው የአፈር መንገድ ነው፡፡ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል ውስጥማ መንገዱ የተሠራው ለእግረኛና ለአህያ ነው፡፡ ከፈረስ መጋላ ተነስቶ መኪና ግርግርን በብስክሌት የወረደ ሰው፣ ምን ለማለት እንደፈለግሁ የእጁ አንጓ ይነግረዋል፡፡

«ግራቭል» የሚባለው የጠጠር መንገድ ብስክሌት፣ መሪው እንደ እሽቅድምድም ብስክሌት ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማው ግን ከእሱ የወፈረ ነው፡፡ እኔም የምነዳው እሱን በመሆኑ የሰፈር ወጣቶች ደጋግመው አንድ ጥያቄ ያነሱልኛል፡፡ «ጋሼ፣ ወፍራም ጎማ ይሻላል ወይስ አሞርዛተር ያለው ፎርክ?» ፎርክ የሚሉት የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ ይዞ ከመሪው ጋር የሚያገናኘውን ባለ ሁለት እግር ክፍል ነው፡፡

መልሴ አጭር ነው፤ በቅድሚያ ጎማው፡፡ ለዚህ ከፈረንሳዩ የፓሪስ-ሩቤ ውድድር የተሻለ ምስክር የለም፡፡ በድንጋይ ንጣፍ መንገዱ የታወቀውን ይህን ውድድር እ.ኤ.አ. በ1992 እና በ1993 ዤልቤር ዱክሎ-ላሳል ያሸነፈው አሞርዛተር ባለው ፎርክ ነበር፡፡ ሆኖም ፎርኩ ብዙም ሳይቆይ ከውድድሩ ጠፋ፡፡ የዛሬዎቹ ተወዳዳሪዎች ያንኑ ድንጋይ የሚያልፉት አሞርዛተር በሌለው ፎርክ፣ ነገር ግን 30 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ባለው ጎማ ነው፡፡ ንዝረቱን የሚውጠው አየሩ ነውና፡፡

ጎማው ላይ «40-622» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ፣ ሁለተኛው ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬው ዲያሜትር ነው፤ ሁለቱም በሚሊ ሜትር ናቸው፡፡ ሁለተኛው ቁጥር አይነካም፤ ወደ 50 የሚያድገው የመጀመሪያው ነው፡፡ ከዚያ በፊት ግን ጎማው ከቴላዮውና ከፎርኩ ጋር ያለው ክፍተት ይለካ፡፡ አዲሱ ጎማ ከገባ በኋላ በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ካልተረፈ፣ ክረምት ላይ ጭቃው ተጠቅጥቆ ጎማውን ይይዘዋል፡፡ ቸርኬው ለዚያ ስፋት የሚበቃ መሆኑም ይረጋገጥ፡፡ የጎማው ዙሪያ በ3 በመቶ ገደማ ስለሚያድግ ዳገት ላይ ማርሹ ያንኑ ያህል ይከብዳል፡፡

ወፍራም ጎማ ገዝቶ እንደ ድሮው አጠንክሮ መንፋት ገንዘብን መጣል ነው፡፡ 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ40ው ጎማ ከ35 እስከ 40 ፒኤስአይ፣ በ50ው ከ25 እስከ 30 ጥሩ መነሻ ነው፡፡ ከልክ በላይ ከተነፈሰ ደግሞ ድንጋዩ ከመነዳሪውን ከቸርኬው ጋር ቆንጥጦ ሁለት ቦታ ይበሳዋል፤ ከዚያ መንገዱ ወደ ጎሚስታ ነው፡፡

ፎርክ መቀየር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፡፡ ነገሩ አንድን አንቀጽ ብቻ ነጥሎ እንደማሻሻል ነው፤ እሱን የሚጠቅሱት ሌሎች አንቀጾች ሁሉ ይናጋሉ፡፡ ዋናው ቁጥር ከፊት ጎማው ዘንግ እስከ ፎርኩ አናት ያለው ርዝመት ነው፡፡ አሞርዛተር የሌለው የግራቭል ፎርክ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 400 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፡፡ ለግራቭል ተብሎ የተሠራ፣ 40 ሚሊ ሜትር የሚወርድ አሞርዛተር ያለው 435 ገደማ ነው፡፡ ለ29 ኢንች ጎማ የተሠራ የተራራ ብስክሌት ፎርክ ደግሞ 500 ይደርሳል፡፡

ፎርኩ 20 ሚሊ ሜትር በረዘመ ቁጥር መሪውን የያዘው ቱቦ በግምት በ1 ዲግሪ ወደ ኋላ ይጋደማል፡፡ የነጂው ክብደት ፎርኩን በመጠኑ ዝቅ ቢያደርገውም፣ የተራራው ፎርክ ልዩነት ብዙ ነው፡፡ መሪው ዳገት ላይ ይወላውላል፤ ኮርቻው ወደ ኋላ ያዘነብላል፡፡ ከሁሉም የሚከፋው፣ ረጅሙ ፎርክ ቴላዮውን አንገቱ ላይ እንደ ማንሻ መፈልቀቁ ነው፡፡ የሚሰነጠቀውም እዚያው ነው፡፡

አሮጌ ፎርክ ርካሽ አገኘሁ ለሚል ሰው አራት ጥያቄ አለኝ፡፡ ወደ ቴላዮው የሚገባው ቱቦ ውፍረቱ ይገጥማል? የቀድሞው ባለቤት አሳጥሮ አልቆረጠውም? የጎማው ዘንግ 12 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ ፎርኩ 15 ወይም የድሮውን 9 የሚቀበል አይደለም? የዲስክ ፍሬኑ ማሰሪያስ አንድ ዓይነት ነው? አንዱ እንኳ ካልገጠመ «በብየዳ ይስተካከላል» የሚለውን ምክር አለመስማት ነው፡፡ ቁልቁለት ላይ ፎርክ ሲሰበር ነጂው በፊቱ ይወድቃል፡፡

ነገሩ የነጂው ጣጣ ብቻም አይደለም፡፡ በጀጎል ጠባብ መንገድ ሕፃናት ይጫወታሉ፣ አረጋውያን ያልፋሉ፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ እንዲክስ ያስገድዳል፡፡ አለመግጠሙን እያወቀ ፎርክ አስገጥሞ ሰው የገጨ ነጂ «ብስክሌቱ ነው» ብሎ የሚያመልጥ አይመስለኝም፡፡

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፡፡ ዛሬውኑ፣ ያለ ወጪ፣ የጎማውን ነፋስ አስተካክሉ፡፡ ካልበቃ ክፍተቱን ለክታችሁ የሚያስገባውን ያህል ወፍራም ጎማ ግዙ፡፡ ያም ካልበቃ፣ የቴላዮው አምራች የሚፈቅደውን የፎርክ ርዝመት አጣርታችሁ ለግራቭል የተሠራውን ብቻ ምረጡ፡፡ መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው፡፡