ኤ.አይ. «ልቡ ቆሟል» ሲል የአምቡላንስ ጥሪ ተቀባዩ ይመነው?

«ዶክተር፣ ኤ.አይ. ከሐኪም በለጠ የሚባለው እውነት ነው?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ፤ የድንገተኛ ጥሪ ስልክ።

ዴንማርክ ኮፐንሃገን ውስጥ ሰው ድንገት ሲወድቅ 112 ይደወላል። ስልኩን የሚያነሱት ባለሙያዎች በሽተኛውን አያዩትም፤ ያላቸው ጆሯቸው ነው። ልብ ከቆመ ደግሞ ደረት መጫን ሳይጀመር የሚያልፈው እያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድልን ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ ጥሪውን አብሮ የሚያዳምጥ ኤ.አይ. ተሠራ።

እ.ኤ.አ. በ2014 የተቀረጹ ከ108 ሺህ በላይ ጥሪዎችን ሲያሰሙት፣ ልባቸው ከቆመ ሰዎች 84 በመቶውን ለየ። ባለሙያዎቹ የለዩት 73 በመቶ ገደማ ነበር። በፍጥነትም ቀደማቸው፤ እሱ 44 ሰከንድ፣ እነሱ 54። በቃ ማሽኑ አሸነፈ ያሰኛል፣ አይደል?

ቆዩ፣ አልጨረስኩም። ከ2018 እስከ 2019 እዚያው ሥራ ላይ አውለው ፈተኑት። ማሽኑ ከጠረጠራቸው ጥሪዎች በግማሾቹ ማንቂያው ለባለሙያው እንዲደርስ፣ በግማሾቹ እንዳይደርስ ተደረገ። ማንቂያ የደረሳቸው 93፣ ያልደረሳቸው 90.5 በመቶውን ለዩ። በስታቲስቲክስ ሚዛን ልዩነት አለ አይባልም።

ለምን? ማሽኑ ከጠረጠራቸው 5,242 ጥሪዎች ልብ መቆሙ የተረጋገጠው በ654ቱ ብቻ ነበር፤ ከስምንት አንዱ ማለት ነው። ፅኑ ሕሙማን ክፍል የሠራ ሰው ይገባዋል፤ ሞኒተር ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ጆሮ ይለምደዋል። ባልደረባዬ «ትንፋሹ አላማረኝም» ካለኝ የቱን ልጠይቅ አውቃለሁ፤ ባዶ ማንቂያ ግን ምክንያቱን አይነግረኝም።

እኔን ይበልጥ የሚያሰጋኝ ግን ተቃራኒው ነው። ማሽኑ ዝም ሲል «ደህና ነው ማለት ነው» ብሎ መዘናጋት። 84 ለየ ማለት እኮ 16ቱ አመለጡት ማለት ነው! ማንቂያው ደግሞ ለመጠየቅ ያነሳሳ፤ ዝምታው ግን ማስረጃ አይሁን።

ጥያቄዎቹ ደግሞ ሁለት ናቸው፤ ሲጠራ ይመልሳል? በደንብ ይተነፍሳል? እናንተም 907 ስትደውሉ (አውሮፓ ያላችሁ 112፣ አሜሪካ 911) «ወደቀ» ብቻ አትበሉ። «ስንጠራው አይመልስም፣ ትንፋሹም የተለመደው አይደለም» በሉ። አልፎ አልፎ የሚመጣ፣ እንደ ማንኮራፋት ያለ ትንፋሽ ልብ ሲቆም የሚታይ ነው፤ ቤተሰብ «እየተነፈሰ ነው» ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስልኩን ላውድ ስፒከር ላይ አድርጋችሁ ደረቱን መሃል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ አጥብቃችሁ መጫን ጀምሩ።